ምርጫ የሚጠናቀቀው በርክክብ ነው
ከደረስጌ እስከ ግንቦት 7፤ የመንግሥት ለውጥና የገበሬው የጋራ ንብረት

የአንድ ዩኒየን የምስረታ በዓል ሲከበር በአብዛኛው የሚነገረው ስለ ተሰበሰበው ምርት፣ ስለ ቀረበው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር፣ ስለ ተገነባው መጋዘንና ስለ ተከፋፈለው ትርፍ ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ ለአባል አርሶ አደሮች ላብ ምስክር የሚሆነው በቁጥር የሚታይ ውጤት ነውና። በዚህ ልዩ እትም ግን አንድ ሌላ ጥያቄ ማንሳት እንፈልጋለን። ይኸውም መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ገበሬው በጋራ ያፈራው ንብረት ምን ሲሆን ኖሯል የሚለው ነው።

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልተነሳም። የደባርቅ፣ የዳባትና የሰሜን ተራሮች ግርጌ ሕዝብ ብዙ የመንግሥት ለውጥ አሳልፏል። ዕድሜያቸው የገፋ አባላቶቻችን የንጉሡን፣ የደርግንና የኢህአዴግን ዘመን በዓይናቸው አይተዋል። ገብሱን፣ ስንዴውን፣ ባቄላውንና ምስሩን የሚያመርተው ያው ገበሬ ነው፤ ግብር የሚቀበለው ጽሕፈት ቤት ግን ስሙም ማኅተሙም በየዘመኑ ተለዋውጧል። በዚህ ጽሑፍ ለውጦቹ በምን መንገድ እንደመጡ፣ በምርጫ ሊመጣ የነበረው ለውጥ የት ላይ እንደቆመ፣ ከዚህም ለማኅበሮቻችን ምን ትምህርት እንደሚገኝ እንመለከታለን።

ደረስጌ፤ ዘውድ በጦር ሜዳ

ከራሳችን አገር እንጀምር። ከሰሜን ተራሮች ማዶ፣ በጃናሞራ ምድር የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። ያሠሯት የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሲሆኑ፣ ለራሳቸው ንግሥ አስበው እንዳዘጋጇት ይነገራል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ከቋራ የተነሱት ካሣ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ጦርነት ድል አደረጉ። በቀናት ውስጥም በዚያችው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ለአንዱ ንግሥ የተሠራች ቤተ ክርስቲያን ሌላው ነገሠባት ማለት ነው።

ዘመነ መሳፍንት ያበቃው በዚያ ቀን ነውና ደረስጌ በአገራችን ታሪክ ትልቅ ስፍራ አላት። ሆኖም ያንኑ ለውጥ በገበሬው ጎተራ በኩል ስናየው ሌላ ገጽታ አለው። የዚያን ጊዜ ሠራዊት ቋሚ ደመወዝ አልነበረውም፤ ስንቁን የሚያገኘው ካለፈበትና ከሰፈረበት አገር ገበሬ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ይህን ለማስቀረትና ወታደሩን በደመወዝ ለማሳደር ሞክረው ነበር። ያም ሆነ ይህ ማን ይንገሥ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ጦርነት እስከሆነ ድረስ፣ ያሸነፈውም የተሸነፈውም የሚበላው ከአንድ ጎተራ ነው። ገበሬው በውሳኔው ውስጥ ድምፅ የለውም፤ ወጪው ግን በእሱ ላይ ያርፋል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ የዚህ ኑሮ ማጠቃለያ ነው።

ድምፅ ተሰጠ፣ መንግሥት ግን አልተለወጠም

ጊዜው እየገፋ ሲሄድ ምርጫ የሚባል ነገር ወደ አገራችን ገባ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ደነገገ። በዚህም መሠረት የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተካሄደ። ከዚያ በኋላ በየአራት ዓመቱ እየተደገመ እስከ 1965 ዓ.ም. ድረስ በጠቅላላው አምስት ጊዜ ምርጫ ተደርጓል። ሴቶችም የመምረጥ መብት አግኝተዋል።

ይሁንና የፖለቲካ ፓርቲ አልተፈቀደም ነበር። ለመመረጥም በምርጫው ወረዳ ንብረት ማስመዝገብ ያስፈልግ ስለነበር፣ ዕጩ ሊሆን የሚችለው በአብዛኛው ባለ መሬት ወይም ባለ ሀብት ነው። ከሁሉም በላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾሙትም የሚሽሩትም ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ስለዚህ በዚያን ጊዜ በበጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት በሰሜንና በወገራ አውራጃዎች የሚኖር ሰው እንደራሴውን ሊለውጥ ይችል ነበር፤ መንግሥቱን ግን ሊለውጥ አይችልም ነበር። በነገራችን ላይ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 241 የወጣውም በዚሁ ዘመን፣ በ1958 ዓ.ም. ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። ያወረዳቸው ድምፅ ሳይሆን በሕዝብ አመፅ ላይ ተንተርሶ ሥልጣን የያዘው ደርግ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው መሬትም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። በአዋጁ መሠረት ቢያንስ 800 ሄክታር ወይም 20 ጋሻ ስፋት ባለው ቦታ ላይ የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ። ብዙ ገበሬዎች መሪያቸውን እጅ አውጥተው የመረጡት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያን ወቅት ነበር።

ያ ጅምር ግን ብዙም አልቆየም። የገበሬ ማኅበራትና የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ቀስ በቀስ ከላይ የሚመጣ ትእዛዝ ማስፈጸሚያ ሆኑ። ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የሚገባው የእህል ኮታ የሚሰበሰበው በእነሱ በኩል ነበር። ዋጋው ከገበያ ዋጋ በታች ተወስኖ የወጣ ስለነበር፣ ኮታውን ማሟላት ያቃተው ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ እስከ ማስረከብ ደርሷል። የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ደግሞ መሬቱንና በሬውን አንድ ላይ እንዲያደርግ ገበሬውን ይገፋፉት ነበር። በሰኔ 1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ተካሂዶ 835 ተወካዮች ተመረጡ፤ አገሪቱን የሚመራው ፓርቲ ግን አስቀድሞ በሕገ መንግሥቱ ተጽፎ ስለነበር የመንግሥት ለውጥ ከምርጫው የሚጠበቅ ነገር አልነበረም።

1983፤ የማኅበሩ መጋዘን ለምን ተዘረፈ?

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ደርግ ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ የእህል ኮታው ቀረ። ገበሬው ከአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መውጣት እንደሚችል እንደተነገረው አብዛኞቹ ማኅበራት በወራት ውስጥ ፈረሱ። በቀጣዩ ዓመት፣ በየካቲት 1983 ዓ.ም. ኢህአዴግ ጎንደርንና ጎጃምን ለመያዝ ያደረገው ዘመቻ «ዘመቻ ቴዎድሮስ» የሚል ስም ተሰጥቶት ነበር። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. የኢህአዴግ ሠራዊት አዲስ አበባ ገባ። ከደረስጌ 136 ዓመታት በኋላም የመንግሥት ለውጥ የመጣው በጦር ሜዳ ነበር ማለት ነው።

በዚያ የሽግግር ወቅት በብዙ የአገሪቱ አካባቢዎች የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘኖችና ሱቆች ተዘረፉ። ቆርቆሮው ተነቀለ፣ ወፍጮው ተፈታ፣ የሂሳብ መዝገቡም ጠፋ። የሚያሳዝነው ንብረቱ የገበሬው የራሱ መሆኑ ነው። ከመዋጮው የተጠራቀመ ነበር፤ ሆኖም ብዙ ሰው እንደ መንግሥት ንብረት ይቆጥረው ስለነበር መንግሥቱ ሲወድቅ አብሮ ወደቀ። ማኅበሩ ኮታ ሰብሳቢ በመሆኑ፣ መሪውም የሚሾመው በካድሬ ይሁንታ በመሆኑ አባሉ «የእኔ ነው» ብሎ ከበሩ ላይ የሚቆምበት ምክንያት አልነበረውም።

ይህ የ1983 ትምህርት ለእኛ መሠረታዊ ነው። ራሱን ከገዥው ፓርቲ ጋር አንድ ያደረገ ማኅበር ዕድሜው ከዚያ ፓርቲ ዕድሜ አይበልጥም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የግብርና ኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 85፣ በኋላም በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 በፈቃደኝነት መደራጀትንና በአባላት መመራትን መርህ ያደረጉት ይህ ታሪክ ከኋላቸው ስላለ ነው።

በዚያው ጊዜ በሌላ የአፍሪካ አገር የሆነውን ማስታወስም ይጠቅማል። ከግንቦት 20 አምስት ወር በኋላ፣ በጥቅምት 1984 ዓ.ም. ዛምቢያ ውስጥ ምርጫ ተደረገ። አገሪቱን ከነጻነት ጀምሮ ለ27 ዓመታት የመሩት ኬኔት ካውንዳ ተሸነፉ። ሽንፈታቸውን ተቀብለውም ሥልጣኑን ለፍሬድሪክ ቺሉባ አስረከቡ። ስለዚህ በምርጫ የሚመጣ ለውጥ ለአፍሪካ እንግዳ ነገር ነው ማለት አይቻልም።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም.

በአገራችን መንግሥትን በድምፅ ወደ መለወጥ እጅግ የቀረበው ምርጫ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የተደረገው ነው። ከምርጫው በፊት የፓርቲዎቹ ክርክር በራዲዮና በቴሌቪዥን ተላለፈ። ስለ መሬት ባለቤትነት፣ ስለ ማዳበሪያ ዋጋና ስለ ፌዴራል አወቃቀር ፊት ለፊት ሲከራከሩ ገበሬውም በራዲዮው ሰማ። ከ25 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለመምረጥ ተመዘገበ። በዕለቱም መራጩ ከንጋት ጀምሮ እስከ ሌሊት በሰልፍ ቆሞ ድምፁን ሰጠ።

በመጨረሻ በተገለጸው ውጤት ከ547 የፌዴራል ምክር ቤት መቀመጫዎች ኢህአዴግ 327፣ ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ 109፣ የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኃይሎች ኅብረት 52 አገኙ። በአማራ ክልል ምክር ቤትም ከ294 መቀመጫዎች ከ100 በላይ የሚሆኑት በቅንጅት ተይዘው፣ ኢህአዴግ አብላጫውን ይዞ ቀጠለ። ተቃዋሚዎች የገጠሩ ቆጠራ ተጭበርብሯል ብለው ተከራከሩ፤ ኢህአዴግም በበኩሉ በከተሞች ችግር ነበር ሲል አቤቱታ አቀረበ። በ31 የምርጫ ክልሎች በነሐሴ 1997 ድጋሚ ምርጫ ተደረገ።

የአዲስ አበባ ውጤት ግን አከራካሪ አልነበረም። ከ138 የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎች ቅንጅት 137ቱን አሸነፈ፤ የከተማዋን 23 የፌዴራል ምክር ቤት መቀመጫዎችም በሙሉ ወሰደ። በኢትዮጵያ ታሪክ አንድ የመስተዳድር ምርጫ ገዥውን ፓርቲ ከሥልጣን እንዲወርድ ያዘዘው ያን ጊዜ ነው። ቅንጅትም ዶክተር ብርሃኑ ነጋን ለከንቲባነት መረጠ።

ለውጡ የቆመው ከድምፅ በኋላ፣ ከርክክብ በፊት ባለው ቦታ ላይ ነው። የምርጫው ዕለት ማታ በአዲስ አበባ ሰልፍ ለአንድ ወር ተከለከለ። የሥራ ዘመኑ ሊያበቃ የተቃረበው የፌዴራል ምክር ቤት የአሠራር ደንቡን ለወጠ፤ ቀደም ሲል 20 አባላት አጀንዳ ማስያዝ ይችሉ የነበረው ቀርቶ ከግማሽ በላይ ድጋፍ እንዲያስፈልግ ተደረገ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተነሱት ግጭቶች የሰው ሕይወት ጠፋ። በኋላ በምክር ቤቱ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ገልጿል። ቅንጅት በውስጡ «ምክር ቤት እንግባ፣ አንግባ» በሚል ተከፋፈለ፤ መሪዎቹ አንገባም ብለው ወሰኑ፣ ከተመራጮቹ ብዙዎቹ ግን በኋላ ቀስ በቀስ ገቡ። በጥቅምት 1998 መሪዎቹ ታሰሩ፤ በሐምሌ 1999 በይቅርታ ተፈቱ።

የከተማው ምክር ቤትስ? መንግሥት ተመራጮቹ ሥልጣን አልረከብ አሉ አለ፤ ተመራጮቹ ደግሞ ሕጉ ተለውጦ፣ መሪዎቻቸው ታስረው እንዴት እንረከባለን አሉ። በግንቦት 1998 በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ተሾመ። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. አዲስ ምርጫ ተደርጎ ኢህአዴግ አሸነፈ፤ አቶ ኩማ ደመቅሳም ከንቲባ ሆኑ። በግንቦት 1997 ድምፁን የሰጠው የአዲስ አበባ መራጭ የመረጠው ምክር ቤት ለሦስት ዓመታት አንድም ቀን ሥራውን ሳይጀምር ቀረ።

ጥፋቱ የማን ነው የሚለውን ክርክር ለታሪክ ጸሐፊዎች እንተወው። እኛን የሚመለከተው የነገሩ አሠራር ነው። መራጩ በኮሮጆው ውስጥ ወረቀቱን ሲከት የእሱ ድርሻ ያበቃል። ቀሪው ሥራ የማኅተም፣ የካዝናና የቁልፍ ሥራ ነው። ቁልፉን የያዘው ካላስረከበ፣ ወይም ተረካቢው ካልተረከበ፣ ሚሊዮኖች የቆሙበት ሰልፍ ከንቱ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ የሆነውም ትምህርት አለው። ኢህአዴግና አጋሮቹ በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከ547 መቀመጫዎች 545፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 547ቱንም ያዙ። ሆኖም ሁሉንም ወንበር በያዙ በሦስተኛው ዓመት፣ በሕዝብ ተቃውሞ መካከል፣ የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ። በመጋቢት 2010 ዶክተር ዐቢይ አህመድ ተተኩ፤ ይህም ለውጥ የመጣው በገዥው ግንባር ውስጥ በተደረገ ምርጫ እንጂ በሕዝብ ኮሮጆ አልነበረም። በ1997 በአዲስ አበባ ሕዝብ ድምፅ ለከንቲባነት ደርሰው የነበሩት ዶክተር ብርሃኑ ነጋም በመስከረም 2014 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ፤ ይህኛው ሥልጣን ግን የመጣው በሹመት ነው። በምርጫ ያልተፈታ ጉዳይ በሌላ በር ተመልሶ እንደሚመጣ ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

የገበሬ ድምፅ መንግሥት ሲለውጥ፤ የምዕራብ ቤንጋል ታሪክ

ርክክቡ ሲሳካ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ሕንድ እንሻገር። ሕንድም እንደ እኛ ክልሎች ያሏት ፌዴራል አገር ናት። ምዕራብ ቤንጋል ከክልሎቿ አንዷ ስትሆን፣ የምክር ቤቷ መቀመጫ ቁጥር በአጋጣሚ በ1997 ከነበረው የአማራ ክልል ምክር ቤት ጋር እኩል 294 ነበር።

በዚህች ክልል የግራ ግንባር የሚባለው በኮሚኒስት ፓርቲ የሚመራ ጥምረት በ1969 ዓ.ም. በምርጫ ሥልጣን ያዘ። የሥልጣኑ መሠረት ገበሬው ነበር። «ኦፕሬሽን ባርጋ» በተባለው ፕሮግራም የሰው መሬት በእኩል የሚያርሱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ገበሬዎች ተመዝግበው፣ ባለ መሬቱ እንደፈለገ እንዳያባርራቸው የሕግ ዋስትና አገኙ። ገበሬውም ውለታውን አልረሳም፤ ግንባሩን ደጋግሞ መረጠው። በ1998 ዓ.ም. ምርጫ ግንባሩ ከ294 መቀመጫዎች 235ቱን አሸነፈ።

ያ ትልቅ ድል ግን የመዘናጋት ምክንያት ሆነ። ከምርጫው በኋላ መንግሥት ሲንጉር በተባለው አካባቢ 400 ሄክታር ገደማ የእርሻ መሬት ለታታ የመኪና ፋብሪካ ወሰደ፤ ብዙ ገበሬዎች ፈቃዳችን አልተጠየቀም፣ ካሣውንም አንቀበልም አሉ። ናንዲግራም በተባለ ሌላ አካባቢ መሬት ለኢንዱስትሪ ሊወሰድ ነው ሲባል ገበሬው ተቃወመ፤ በመጋቢት 1999 ዓ.ም. ፖሊስ ተኩሶ 14 ሰዎች ሞቱ። በመስከረም 2001 ዓ.ም. ታታ ፋብሪካውን ትቶ ወጣ። የመሬት ዋስትና ሰጥቶ ሥልጣን ላይ የቆየው ፓርቲ፣ መሬት ወሳጅ ተብሎ በዚያው ገበሬ ፊት ቀረበ።

በ2003 ዓ.ም. በተደረገው የክልል ምርጫ የማማታ ባነርጂ ፓርቲ ትሪናሙል ኮንግረስ ብቻውን 184 መቀመጫ አገኘ። የግራ ግንባር ወደ 60 ገደማ ወረደ። የክልሉ ዋና ሚኒስትር ቡዳዴብ ባታቻርጂ በገዛ ምርጫ ክልላቸው ሳይቀር ተሸነፉ። ከሁሉ የሚበልጠው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ውጤቱ በተገለጸበት ዕለት፣ ግንቦት 5 ቀን 2003 ዓ.ም. ዋና ሚኒስትሩ የሥልጣን መልቀቂያቸውን አቀረቡ። በሳምንቱ ግንቦት 12 ቀን አዲሷ መሪ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ለ34 ዓመታት ሳይቋረጥ የቆየ መንግሥት በአንድ ሳምንት ውስጥ አስረከበ። ፖሊሱ፣ የገንዘብ ቢሮውና የመሬት መዝገብ ቤቱ አዲሱን መንግሥት አገልግለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ምዕራብ ቤንጋል እንከን የለሽ ነበረች ለማለት አይደለም። ከምርጫው በፊትም በኋላም በየመንደሩ በፓርቲ ደጋፊዎች ጠብ ሰው ሞቷል። ለሲንጉር ገበሬዎች የተገባው ቃልም ወዲያው አልተፈጸመም። አዲሱ መንግሥት መሬቱን ለመመለስ ሕግ ቢያወጣም ጉዳዩ በፍርድ ቤት ሲጓተት ቆይቶ፣ በነሐሴ 2008 ዓ.ም. የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሬቱ ይመለስ ብሎ እስኪወስን ድረስ አምስት ዓመት ፈጅቷል። ቢሆንም ገበሬው መሬቱን ለማስመለስ መሣሪያ አላነሳም፤ የማኅበሩም መጋዘን አልተዘረፈም። ድምፁን ሰጠ፣ ተረከበ፣ ፍርድ ቤት ሄደ።

ወደ ራሳችን ማኅበር ስንመለስ

ውድ አንባብያን፣ ይህን ሁሉ ያነሳነው ስለ ሩቅ አገር ወይም ስለ ትልልቅ ሰዎች ለማውራት ብቻ አይደለም። አባላቶቻችን በእጃቸው ያለ አንድ ትልቅ ነገር አላቸው፤ እሱም የራሳቸው ምርጫ ነው።

በ2009 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ የተተካው አዋጅ ቁጥር 147/1991 ደንግጎት የነበረውን እናስታውስ። አንድ አባል የያዘው ዕጣ ብዙም ይሁን ጥቂት ድምፁ አንድ ነበር። ማንም አባል ከማኅበሩ ጠቅላላ ዕጣ ከመቶ 10 በላይ መያዝ አይችልም ነበር። የሥራ አመራር ኮሚቴ የሥራ ዘመን ሦስት ዓመት ሆኖ፣ አንድ ሰው በተከታታይ ከሁለት የሥራ ዘመን በላይ አይመረጥም ነበር። የማኅበሩ ሂሳብም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲመረመር ተደንግጎ ነበር። እነዚህ ቀላል የሚመስሉ አንቀጾች በአገር ደረጃ ብዙ ደም የፈሰሰባቸው ጥያቄዎች መልስ ናቸው። ሥልጣን የጊዜ ገደብ አለው፤ ሀብት ድምፅ አይገዛም፤ የወጣ ሰው ሂሳቡን አሳይቶ ይወጣል።

በወረቀት ላይ ያለው ግን በተግባር ካልዋለ ዋጋ የለውም። በመሠረታዊ ማኅበራት ሲያጋጥሙ የሚታዩ ችግሮችን በግልጽ መነጋገር ይገባል። አዲስ ኮሚቴ ተመርጦ የቀድሞው የመጋዘን ቁልፍና ማኅተም ለወራት የሚያዘገይበት ጊዜ አለ። ቆጠራ ሳይደረግ ርክክብ ይፈረምና የማዳበሪያው ጉድለት በኋላ ሲገኝ አዲሱ በአሮጌው፣ አሮጌው በአዲሱ ያመካኛል። በባንክ ያለው ፊርማ ሳይለወጥ ቀርቶ፣ ከኃላፊነት የወረደው ሰው ገንዘብ ለማውጣት ሥልጣን እንደያዘ ይቆያል። በአዲስ አበባ በ1997 የሆነውን ስንሰማ የምንገረም ከሆነ፣ በራሳችን ማኅበር ይህ ሲሆን ዝም ልንል አይገባም።

ስለዚህ ከምርጫ በፊት የቁጥጥር ኮሚቴው ባለበት የንብረትና የጥሬ ገንዘብ ቆጠራ ይደረግ። በየአባሉ ስም ያለው የማዳበሪያና የዘር ዕዳ በዝርዝር ተጽፎ ለጠቅላላ ጉባኤው ይነበብ። ምርጫው በተደረገ በጥቂት ቀናት ውስጥ መዝገቡ፣ ማኅተሙ፣ ደረሰኙና ቁልፉ በቃለ ጉባኤ ይረከቡ፤ የባንክ ፊርማውም ወዲያው ይለወጥ። የተሸነፈው ወይም ጊዜውን የጨረሰው ሰብሳቢ በጉባኤው ፊት ይመስገን። ነገ ተመልሶ ሊመረጥ እንደሚችል፣ በክብርም እንደሚኖር ካወቀ ለማስረከብ አይፈራም። ሰው ቁልፍ አልሰጥም የሚለው ብዙውን ጊዜ ከወረድኩ በኋላ ምን ይደርስብኛል ብሎ ስለሚሰጋ ነው፤ ይህ ለመሠረታዊ ማኅበር ሰብሳቢም ለአገር መሪም ያው ነው።

ለአካባቢያችን ኃላፊዎችም በአክብሮት የምንለው አለ። የኅብረት ሥራ ባለሙያ ሂሳብ ሊመረምር፣ ሕግ ሊያስረዳ፣ ምርጫው በሥርዓት መካሄዱን ሊታዘብ ይገባል። ማን ይመረጥ የሚለውን ግን ለአባላት ይተው። በ1997 ዓ.ም. ምርጫም ሆነ ከዚያ በኋላ በተደረጉት ምርጫዎች ማዳበሪያና ብድር ከፖለቲካ ድጋፍ ጋር ይያያዛል የሚል ቅሬታ ከተቃዋሚዎችና ከሰብአዊ መብት ድርጅቶች ቀርቦ፣ መንግሥትም ሲያስተባብል ቆይቷል። ቅሬታው ወደፊት እንዳይነሳ የሚያደርገው ማስተባበያ ሳይሆን ግልጽ አሠራር ነው። የማዳበሪያው ክፍፍል ዝርዝር በማኅበሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ የየትኛውም ፓርቲ ደጋፊ የሆነ አባል በተራው ይውሰድ። የዩኒየኑ መኪናና አዳራሽም ለምርጫ ቅስቀሳ ለማንም ፓርቲ አይዋል።

በየምርጫው ዘመን የተለያየ ፓርቲ የሚደግፉ አባላት ይኖሩናል። ይህ የሚያስፈራ አይደለም። ዳባት ላይ ባቄላ የሚያመርተውና ደባርቅ ላይ ገብስ የሚያመርተው ገበሬ በፖለቲካ ቢለያዩም ሚዛኑ እንዳያጭበረብር፣ ማዳበሪያው በወቅቱ እንዲደርስ፣ መጋዘኑ እንዳያፈስ ሁለቱም ይፈልጋሉ። ማኅበሩ የሁለቱም ሆኖ ከቀጠለ መንግሥት ሲለወጥ የሚዘርፈው አይኖርም፤ ሁለቱም በሩ ላይ ቆመው «ይህ የእኛ ነው» ይላሉና። በ1983 ያጣነው ይህንን ነበር። የዩኒየናችን የምስረታ በዓል ትርጉምም በመንግሥታት ለውጥ ውስጥ ሳይሰበር የሚሻገር፣ ከአባት ወደ ልጅ በመዝገብና በቆጠራ የሚተላለፍ የገበሬ ንብረት መገንባት ነው።

በዚህ በዓል ማግስት እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር የመጨረሻውን የርክክብ ቃለ ጉባኤ ከመዝገብ ቤት አውጥቶ እንዲያነበው እንጋብዛለን። ፊርማው ከተሟላ፣ ቁጥሩም ከመጋዘኑ ጋር ከገጠመ ደስ ይበላችሁ። ካልገጠመ ደግሞ ሥራው ከዚያ ይጀምራል።

እንኳን ለዩኒየናችን የምስረታ በዓል አደረሳችሁ!